ቆይ፣ ቆዪ፣ ቆዩ

ስለ ጃፓን ሙዚቃ ልጽፍ ነው ስል፣ ውድ አንባብያን፣ በቀርከሃ ዋሽንት የሚነፋ ጭር ያለ ዜማ፣ በዝግታ የሚነካ ክር፣ የቼሪ አበባ የሚረግፍበት የቤተ መቅደስ ግቢ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት የምጠብቀው ይህንኑ ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሦስት ሰዎች፣ ስለ አንድ ጊታር፣ ስለ አንድ ቤዝና ስለ አንድ ድራም ነው፤ ጆሮን ስለሚያደነቁር ጩኸትም ጭምር።

ቡድኑ «ሃይ-ስታንዳርድ» ይባላል። ወዳጆቹ ስሙን ቆረጥ አድርገው «ሃይስታ» ይሉታል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1991 ቶኪዮ ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ያስጠሩት ሦስቱ፣ ቤዝ እየተጫወተ የሚዘፍነው አኪሂሮ ናንባ፣ ጊታሩን የያዘው ኬን ዮኮያማ፣ ከኋላቸው ድራም የሚመታው አኪራ ትሱኔኦካ ናቸው። የሚጫወቱት ስልት «ሜሎዲክ ፓንክ» ይባላል። ፓንክ ሲባል ቁጣና ጥድፊያ ነው፤ «ሜሎዲክ» የሚለው ቅጽል ሲታከልበት ግን በዚያ ሁሉ ቁጣ ላይ ለማንጎራጎር የሚመች ዜማ ይጫንበታል። ድራሙ እንደሚጋልብ ፈረስ ይሮጣል። ጊታሩ ሁለት ሦስት ድምፆችን አጣብቆ እንደ ግድግዳ ያቆማቸዋል። ድምፃዊው ግን ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ማንም አብሮት ሊዘፍን በሚችለው ረጋ ያለ ዜማ ይሄዳል። እግሩ ይሮጣል፣ ልቡ ይዘገያል። እንደኔ እንደኔ የዚህ ሙዚቃ ምስጢር ያለው በእነዚህ በሁለቱ ፍጥነቶች መካከል ነው።

«ይህ ነገር ከሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። የሚያገናኘው አንድ ግስ ነው፤ «መቆየት» የሚል የአማርኛ ግስ። ወደ እርሱ እስክንደርስ ግን ትንሽ መንገድ አለ።

*

ሃይስታዎች በ1995 «ግሮዊንግ አፕ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ፣ ፕሮዲውሰራቸው የአሜሪካው የኖ-ኤፍ-ኤክስ ቡድን መሪ ፋት ማይክ ነበር። የእርሱ ኩባንያ የነበረው ፋት ሬክ ኮርድስም አልበሙን አሜሪካ ውስጥ አሳተመው። በ1997 «አንግሪ ፊስት» ተከተለ። በዚያው ዓመት ቡድኑ «ኤር ጃም» የተባለውን የሙዚቃ ድግስ ራሱ አሰናድቶ ጀመረ። በሰኔ ወር 1999 ደግሞ «ሜኪንግ ዘ ሮድ» የተባለው ሦስተኛ አልበም «ፒዛ ኦቭ ዴዝ» በተባለው የራሳቸው አሳታሚ በኩል ወጣ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በቴሌቪዥን ማስታወቂያ በሚፎካከሩበት አገር፣ ሦስት ሰዎች በራሳቸው አሳታሚ ያወጡት፣ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በእንግሊዝኛ የተዘፈነ አልበም፣ ውጭ አገር የተሸጠው ተደምሮ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገርለታል። በ2000 «ኤር ጃም» በቺባ የባሕር ዳር ስታዲየም ከተካሄደ በኋላ ግን ቡድኑ ዝም አለ። ሦስቱ በየፊናቸው ሄዱ። ዝምታው አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ።

በዚህ በ1999ኙ አልበም ውስጥ «ስቴይ ጎልድ» የምትባል ዘፈን አለች። ርዝመቷ ከሁለት ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። መግቢያዋ ላይ ጊታሩ አንዱን ድምፅ በወፍራምና በቀጭን ክር በአንድ ጊዜ እየመታ ደረጃ ይወጣል፤ ወዲያው ድራሙ ይነሣና ሁሉም ነገር ይሮጣል። ነገረ ሥራዋ ስለ ተለያዩ ወዳጆችና አንዱ ለሌላው ትቶት ስለሄደው ቃል ነው። ጃፓን ውስጥ ዛሬ አርባዎቹን ያለፈ፣ በወጣትነቱ ጊታር ነክቶ የሚያውቅ ሰው አግኝታችሁ ይህችን መግቢያ ብታንጎራጉሩለት ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ። በዚያው አልበም ውስጥ ያሉት «ዲር ማይ ፍሬንድ» እና ከሌሎቹ ቀዝቀዝ የምትለው «ብራንድ ኒው ሰንሴት» ከእርሷ ቀጥሎ የሚነሡ ናቸው።

በጃፓንኛ ያልዘፈኑት ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቦኛል። የድምፅ ነገር አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። የጃፓንኛ ቃል በ«ን» ከሚያልቀው በስተቀር በአናባቢ ያልቃል፤ ፊደላቸው እንደኛው የክፍለ ቃል ፊደል ቢሆንም ከ«ን» በቀር ሳድስ የሚባል ነገር አያውቅም። እኛ «ጎልድ» ብለን በአንድ ትንፋሽ የምንዘጋውን ቃል ጃፓናዊው «ጎ-ኦ-ሩ-ዶ» ብሎ በአራት ምት ይዘረጋዋል። ለሚሮጥ ድራም ይህ ረጅም ነው። የእንግሊዝኛው ቃል አጭርና የተዘጋ ስለሆነ እንደ ጠጠር ይወረወራል። ከዚህ ሌላ፣ የባዕድ ቋንቋ ለዓይን አፋር ሰው መጋረጃ ይሆንለታል። በእናቱ ቋንቋ «ወዳጄ ሆይ፣ ናፈቅኸኝ» ለማለት የሚያፍር ሰው፣ በትምህርት ቤት በተማረው እንግሊዝኛ ሲሆን በአደባባይ ይጮኸዋል።

የሚያዳምጠው ሕዝብስ ይገባዋል ወይ? ግማሽ በግማሽ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ትርጉሙን ሳናውቅ የሕንድ ፊልም ዘፈን ከዳር እስከ ዳር የሸመደድን ትውልድ ነን። ከዚያም በላይ፣ ግእዝ የማይሰማ ምእመን ማኅሌት ቆሞ እንባው ሲወርድ አይተናል። ቃሉ ያልገባው ሰው ነገሩ አልገባውም ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት አምስት ድምፅ ያለው ስኬል አላቸው፤ የስሙ ትርጉም «አራተኛውና ሰባተኛው የተነሣለት» ማለት ነው። አምስቱን ድምፆች ፒያኖ ላይ ብትመቷቸው የእኛው ትዝታ ሜጀር ነው፤ ልዩነት የለውም። ይህን ስል ሃይስታዎች ትዝታ ይዘፍናሉ ማለቴ አይደለም፤ የእነርሱ አባቶች አሜሪካና እንግሊዝ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ስኬል በተሠሩ የትምህርት ቤት መዝሙሮች ያደገ ሰው፣ ምንም ያህል ቢጮኽ፣ ዜማውን የሚያሳርፍበት ቦታ ለጆሮዬ ቅርብ ይሆንብኛል።

*

የምኖረው ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። በዚህ አካባቢ ሐበሻ በርከት ብሎ ይገኛል፤ ከሐበሻው የሚበዛው ግን ትንንሹ ወርክሾፕ ነው። እኔም ከእነዚህ በአንዱ፣ ብረት እየተጫነ ቅርጽ በሚወጣበት ቤት እሠራለሁ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይመታል፤ በሥራ ሰዓት መነጋገር የሚቻለው በእጅ ምልክት ነው። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው በዕድሜም በሥራም ይቀድመኛል። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ሰው «ሰንፓይ» ይሉታል፤ «ጋሼ» ከማለት ብዙም አይርቅም። ስሙን ስለማልጠራው እዚህም ሰንፓይ እለዋለሁ።

ሰንፓይ ትውልዱ ሚያጊ ክፍለ ሀገር፣ ኢሺኖማኪ ከምትባል የወደብ ከተማ ነው። ዝምተኛ ነው። አብረን በሠራንባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስለ ራሱ የነገረኝ በአንድ ገጽ ተጽፎ ያልቃል። ዕቃ ለማድረስ በቫን አብረን ስንወጣ ግን ሁልጊዜ አንዱኑ ሲዲ ይከፍታል፤ መሪውን በሁለት ጣቶቹ እየደበደበ ይነዳል። ድራመኛ እንደነበረ የገባኝ ከጣቶቹ ነው።

ነገሩን ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር የሃይስታን ዘፈኖች የሚጫወት ቡድን ነበራቸው። ቤዝ የሚጫወተውና የሚዘፍነው ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው። ሰንፓይ ወደ ቶኪዮ ሲመጣ ልጁ እዚያው ቀርቶ የዓሣ ማቀነባበሪያ ውስጥ ተቀጠረ። መጋቢት 11 ቀን 2011 ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ባሕሩም ተነሣ። በዚያ ቀን በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ከ18,000 በላይ ሰው ሞተ ወይም የገባበት ጠፋ። ኢሺኖማኪ እጅግ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ነበረች። የሰንፓይ ወዳጅ ከጠፉት መካከል ነው። እስካሁን አስከሬኑ አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሦስቱ የሃይስታ ሰዎች በየራሳቸው የትዊተር ገጽ አንድ ዓይነት አጭር መልእክት አወጡ፤ መስከረም 18 «ኤር ጃም» እንደሚኖር የሚያበስር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረው መድረክ ላይ ያልቆሙ ሰዎች፣ አገራቸው ስትጎዳ ተመልሰው ተገናኙ። ድግሱ በዮኮሃማ ስታዲየም ተካሄደ። በሚቀጥለው ዓመት 2012 ደግሞ ሙዚቃውን አደጋው ወደ ደረሰበት ወደ ሚያጊ ይዘው ወጡ። ሰንፓይ ሁለቱም ላይ ነበረ። ያን ጊዜ ስለ ዮኮሃማው የነገረኝ አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ «ሲጀምሩ እጄ ድራም የሚመታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ ነበር የምመታው» አለኝ።

*

አሁን ወደ ግሱ ደረስን።

አንድ ቀን ከሳይታማ ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ በዝናብ ቆመናል። ዘፈኗ እየተዘፈነች ነው። ሰንፓይ ድንገት ዘወር ብሎ፣ «ይሄ ‹ሱቴኢ ጎሩዶ› የሚለው በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ።

የምትቀል ጥያቄ መስላኝ ነበር፤ አልቀለለችም። «ወርቅነትህን ጠብቅ» ብል የጥበቃ ሥራ ይመስላል። «አትደብዝዝ» ብል ወርቁ ራሱ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። «ወርቅ እንደሆንክ ኑር» ምርቃት ይሆናል፤ መልካም ምርቃት ነው፤ ግን ለሚኖር ሰው ነው። ከሁሉ የሚቀርበው «ወርቅ ሆነህ ቆይ» የሚለው ሆኖ አገኘሁት። ይሁን እንጂ አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ አይደለችም። እንግሊዝኛው ማንንም ሳይመርጥ ያዝዛል፤ ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለሺህም ያው ነው። አማርኛ ግን የምታናግረውን ሰው ሳታውቅ አፏን አትከፍትም።

«ሰንፓይ፣ በእኛ ቋንቋ እንዲሁ ማለት አይቻልም» አልኩት። «ለወንድ ከሆነ ‹ቆይ›፣ ለሴት ከሆነ ‹ቆዪ›፣ ለብዙ ሰው ከሆነ ‹ቆዩ› ነው። ለእርስዎ የምለው ከሆነ ደግሞ ‹ይቆዩ› እላለሁ። የሚሉት ለማን ነው?»

መጥረጊያው መስተዋቱን ብዙ ጊዜ ጠረገ። ከፊታችን ያለው መኪና ትንሽ ተንቀሳቀሰና እንደገና ቆመ።

«ለአንድ ሰው» አለኝ። «ለወንድ። እኩያዬ ነው።»

ወዳጁ ስለመጥፋቱ የነገረኝ በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው ሦስት ልጆች ቡድን እንደነበራቸው ብቻ ነበር። አንድ የሰዋስው ጥያቄ፣ ለሁለት ዓመት ያህል የተዘጋ አፍ ከፈተች። ታሪኩን ጨርሶ ሲያበቃ «እንግዲያው ‹ቆይ› ነው» አልኩት። «ኮይ» አለ፤ «ቆ» አልወጣለትም። ደጋገመው። ከዚያም ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው ጠየቀኝ። ነገርኩት። በዕለት ተዕለት ንግግር «ቆይ» ማለት «ጠብቅ» ማለት ነው። አውቶቡስ ላይ የሚሳፈር ልጁን ከሩቅ ያየ አባት የሚጮኸው ቃል ነው።

ሰንፓይ ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የገዛ ቋንቋዬን ከውጭ ሆኜ አየኋት። የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅን ሲማር፣ ሰሙ ላይ ላዩን የሚታየው፣ ወርቁ ከሥሩ ያለው እንደሆነ ይነገረዋል። «ወርቅ ሆነህ ቆይ» በሚለው ውስጥ ሰሙ «አትለወጥ» ነው። ወርቁ «ጠብቀኝ» ነው። እንግሊዝኛው ይህን አይልም፤ ዘፋኞቹም አላሰቡትም። ከጃፓን ተነሥቶ፣ በእንግሊዝኛ አልፎ፣ አማርኛ ላይ ሲደርስ የተገኘ ነው። ትርጉም ሁልጊዜ ያጎድላል ይባላል፤ እኔ ሲጨምር ያየሁት በዚያ ዝናብ ውስጥ ነው።

*

ጥቅምት 5 ቀን 2016 ከሥራ ወጥተን በተለያየን በሰዓቱ ሰንፓይ ደወለልኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ድምፁን እንዲያ ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። «አለ! መደርደሪያው ላይ አለ!» ይላል። ሃይስታዎች ምንም ማስታወቂያ ሳይነግሩ «አናዘር ስታርቲንግ ላይን» የተባለ አዲስ ሲንግል በየሲዲ መሸጫው አስቀምጠው ኖሯል። ሁሉም ነገር አስቀድሞ በስልክ በሚታወቅበት ዘመን፣ ሰዎች ሱቅ ገብተው በዓይናቸው አይተው፣ ለወዳጆቻቸው እንዲደውሉ አደረጓቸው። በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት 2017 «ዘ ጊፍት» ወጣ፤ በ18 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው ነበር።

ያ ወር ለእኔ የሌላ ነገር ወር ነው። እናቴ ያረፈችው በዚያ ወር ነው። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነበር መርዶዬን የሚነግረኝ። እዚህ የነገረኝ ስልክ ነው። ለቀብር መድረስ አልቻልኩም። በሠፈሩ ያሉት ሐበሾች ግን አልተዉኝም፤ ጠባቧን ክፍሌን የለቅሶ ቤት አደረጓት። ቡና ተፈላ፣ እንጀራ መጣ፤ ከእናቴ አገር የሆኑ አንዲት ሴት ሙሾ ሲያወርዱ ሌሎቹ ተቀበሏቸው።

በዚያ መሃል ሰንፓይ መጣ። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ክራቫት፣ በእጁ የእነርሱ የሐዘን ገንዘብ የሚሰጥበት ፖስታ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥግ ይዞ ተንበርክኮ ተቀመጠ። የማይገባውን ሙሾ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ ዓይኑን አልሰበረም። ስሸኘው ደረጃው ላይ ቆም አለና እንዲህ አለኝ፤ «በወዳጄ ቤት እንዲህ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። እናቱ እንኳ ሻይ እየቀዳች ‹ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ› ትለን ነበር። እኔ ያለቀስኩት ዮኮሃማ ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው መሃል፣ እየዘለልኩ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ በእነዚያ ድግሶች ላይ የሚሆነውን ነገር እንደ ጎረምሳ ግርግር ነበር የማየው። ሰው በሰው ላይ ይወድቃል፤ ይገፋፋል፤ አንዱ በሌላው ራስ ላይ ተንሳፎ ወደ መድረክ ይሄዳል። ደግሞ አንድ ደንብ አላቸው፤ የወደቀ ሰው ካለ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ጎንበስ ብለው ያነሡታል። ሰንፓይ ደረጃው ላይ የነገረኝን ከሰማሁ በኋላ ግን ነገሩን ለብቻ ማየት አልቻልኩም። አንድ ሰው ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ደረት ይመታል፣ ድራም ይመታል። ብቻውን ቢሆን የሚያፍረውን ጩኸት ሰው ከብዙዎች ጋር ሆኖ ያወጣዋል። ራሱን ስቶ የሚወድቅ ካለ የሚደግፈው እጅ በአጠገቡ አለ። ጃፓን ውስጥ ሐዘን ጎረቤት እንዳይረብሽ ተጠንቅቆ የሚያዝ ነገር ነው። ሰው ግን ሰው ነው፤ ሙሾ የሌለው አገር አንድ ቦታ ሙሾ ያበጃል። የእነዚህኛዎቹ ሙሾ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ዜማውም ደስ የሚል ነው። ደስ የሚል ዜማ አያስለቅስም ያለን ማን ነው?

*

የካቲት 14 ቀን 2023 አኪራ ትሱኔኦካ በ51 ዓመቱ ሞተ። ዜናው የተሰማ ቀን ሰንፓይ እንደ ወትሮው ሥራ ገባ። ማሽኑን አስነሣ፣ ብረቱን አስተካከለ፣ ቁጥሩን መዘገበ። በምሳ ሰዓት ሩዙን ሳይከፍት መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ያ ሰው ለእርሱ ዝነኛ ሰው ብቻ አልነበረም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ የቴፕ ክሩ እስኪላላ ድረስ ካሴቱን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ እያንዳንዱን ምት በትራስ ላይ የተማረው ከእርሱ ነው። መሪ የሚደበድቡት ጣቶች ፊደል የቆጠሩት እዚያ ነው።

በዚያው ዓመት «አይም ኤ ራት» የተባለ ዘፈን ወጣ፤ ድራሙን ትሱኔኦካ ሳይሞት የቀረጸው ነበር። በቫኑ ውስጥ አብረን ሰማነው። የሌለ ሰው ይመታል፤ የሚመታውም እንደ ድሮው ነው፤ ወደ ኋላ ሳይመለከት፣ ሁለቱን ጓደኞቹን ከፊቱ እየነዳ። ሁለቱም ቡድኑን ይዘው ቀጥለዋል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሰንፓይ ሲዲውን ቀየረ። ያቺ የታወቀችው የጊታር ደረጃ ጀመረች። በዘፈኗ መሃል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጠየቀኝ፤

«ያኔ ያስተማርከኝ ቃል፣ ለአንድ ሰው ነበር። ለሁለት ሰው ሲሆን እንዴት ነው?»

«እንደ ብዙ ነው የሚቆጠረው» አልኩት። «ከሁለት ጀምሮ ‹ቆዩ› ይባላል።»

«ኮዩ» አለ።

በቀይ መብራት ስንቆም የዕቃ መረከቢያ ቅጹን ገልብጬ በጀርባው ሁለቱንም በፊደላችን ጻፍኩለት፤ አስቀድሜ «ቆይ»፣ ከሥሩ «ቆዩ»። ልዩነታቸው አንዲት ሆሄ መሆኗን አይቶ ጣቱን በላይዋ ላይ አሳለፈ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ ሁለት ጣቶቹን መሪው ላይ መልሶ መታ።